የእንግሊዝኛው «ሲንስ» (since) ከየት መጣ? ኦንላይን ኤቲሞሎጂ ዲክሽነሪ ሲመዘን

ዳግላስ ሃርፐር ያዘጋጀው ይህ የእንግሊዝኛ ቃላትን አመጣጥ የሚያሳይ የድረ ገጽ መዝገበ ቃላት በነፃ ይከፈታል፤ ቃሉን መፈለጊያው ላይ መጻፍ ብቻ ነው። እንደ «ሲንስ» («ከ… ወዲህ» ወይም «ስለ…») ላለ አያያዥ ቃል በደንብ ያገለግላል። መነሻው በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ከዚያ በኋላ» ማለት የነበረው «ሲዝዛን» ነው፤ ቀጥሎ «ሲዘን»፣ መጨረሻው ላይ «ስ» ተጨምሮ «ሲዘንስ»፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ደግሞ አጥሮ የዛሬውን መልክ ያዘ። የምክንያት ትርጉሙ ከጊዜ ትርጉሙ የወጣ ነው፤ ቀድሞ የሆነ ነገር የተከታዩ ምክንያት መስሎ ይታያልና።

ከቃሉ ጋር የሚሰጠው ዘመን ግን ቃሉ የተወለደበት አይደለም፤ በጽሑፍ የተገኘበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳታል።

ትልቁ ጉድለት አጠቃቀምን አለማስተማሩ ነው። «ሲንስ ሺ ሌፍት» (since she left) ሲባል «ከሄደች ወዲህ»ም «ስለሄደች»ም ሊሆን ይችላል። ዋናው ሐረግ «ሃዝ ወርክድ» (has worked፣ «ሠርታለች») ዓይነት ግሥ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ጊዜ ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። የሚያሻማ ከሆነ ለምክንያት «ቢኮዝ» (because) ይግባ። ለዚህ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን መክፈት ግድ ይላል። የሃርፐር መዝገበ ቃላት ማብራሪያዎች ከባድ ስለሆኑ ለጀማሪ አንመክረውም፤ ለአስተማሪና ለተርጓሚ ግን ያዋጣል።