የሴቶች የክላስ ጂም ወይስ ክፍት ጂም? ደሴ ላይ ከመክፈልሽ በፊት

ጂም ስንመርጥ ቀድመን የምንጠይቀው ዋጋና ርቀት ነው። ከሁለቱም በፊት ግን የዕለቱን ሥራ ማን እንደሚወስን እወቂ። በክላስ ጂም፣ ማለትም በቡድን በተወሰነ ሰዓት በሚሠራበት፣ አሠልጣኟና ሰዓቱ ይወስናሉ፤ በክፍት ጂም፣ ማለትም በፈለግሽው ሰዓት ገብተሽ በራስሽ በምትሠሪበት፣ አንቺ ትወስኛለሽ። ሌላው ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ክላስ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጃል፦ ማሟሟቂያ፣ ከዚያ ኤሮቢክስ፣ ስቴፕ (ዝቅተኛ መድረክ ላይ እየወጡ መውረድ) ወይም በዙር የሚሠራ እንቅስቃሴ (ለምሳሌ 40 ሰከንድ ሥራ፣ 20 ሰከንድ ዕረፍት)፣ መጨረሻ ላይ ማፍታታት። ለትንፋሽ ጥሩ ነው፤ ብቻዋን ስትሆን ለምትሰንፍ ሴትም ከዚህ የተሻለ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ የ50 ደቂቃ ክላስ ሦስት ቀን ከገባሽ ሞላ። ድርጅቱ ከዚህ ሌላ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራም ይጨምራል። ብዙ ክላስ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው።

ጡንቻ የሚጠነክረው ጭነቱ ቀስ በቀስ ሲጨምር ነው። ክላስ ውስጥ ሁሉም በአንድ ሙዚቃ ስለሚሠራ ዱምቤሉ (በእጅ የሚያዘው ክብደት) ለጀማሪዋም ለጠንካራዋም ያው 2 ወይም 3 ኪሎ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር የያዝሽው 3 ኪሎ በስድስተኛውም 3 ኪሎ ከሆነ፣ ላብሽ ቢንጠባጠብም ጉልበትሽ ባለበት ነው። 20 ሰከንድ ዕረፍትም ለከባድ ስኳት (ክብደት ይዞ ቁጭ ብድግ) አይበቃም፤ በዙሮች መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ያስፈልጋል። ክብደት ማንሳት የምትወጂ ከሆነ ክላስ ብቻ ያለው ቤት ያበሳጭሻል፤ አትክፈዪ።

ክፍት ጂም ደግሞ ያለ ፕሮግራም ገንዘብ ማባከኛ ነው። ለጀማሪ በሳምንት 3 ቀን ስኳት፣ የደረት ፕሬስ (ክብደትን ከደረት መግፋት) እና ሮው (ክብደትን ወደ ሰውነት መሳብ)፣ እያንዳንዱ 3 ዙር ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ ይበቃል። ሦስቱንም ዙር አቋምሽ ሳይበላሽ 12 ካደረስሽ ክብደት ጨምሪና ወደ 8 ተመለሺ። ለዚህ ትንንሽ ፕሌት (በባሩ፣ ማለትም በረጅሙ ብረት፣ ጫፎች ላይ የሚገባ ክብ ክብደት) ያስፈልጋል፦ ትንሹ 2.5 ኪሎ ከሆነ ባሩ በሁለት ጎን በአንዴ 5 ኪሎ ይጨምራል፣ ለትከሻ ሥራ ብዙ ነው። 1.25 ኪሎ መኖሩን በዓይንሽ እዪ። ወንድና ሴት የሚሠሩበት ጂም «ለሴቶች ብቻ» የሚለው ሰዓት ካለው፣ በዚያ ሰዓት ወንድ አሠልጣኝ ወይም ሠራተኛ ውስጥ ይቆይ እንደሆነ ጠይቂ። ሒጃብሽን አውልቀሽ መሥራት ከፈለግሽ ይህ ጥያቄ ከዋጋው ይቀድማል።

ክላሱን አንድ ቀን ሳትመዘገቢ ገብተሽ ሞክሪ። አሠልጣኟ ጀርባዋን ሰጥታ ከፊት ብቻ የምትሠራ ከሆነ ጉልበቷ ወደ ውስጥ የሚገባባትን ሴት አታይም፤ በመሃል እየዞረች የምታርም ፈልጊ። ወለሉን በእግርሽ ምቺው። በሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ ላይ ደጋግሞ መዝለል ቅልጥምና ጉልበት ያሳምማል፤ ጎማ ወይም እንጨት ይሻላል። መስኮቱ ከውጭ እንዳይታይ ተሸፍኖ ከሆነም አየር በየት እንደሚገባ እዪ። በቅርቡ የወለድሽ ከሆነና ስትዘዪ ሽንት የሚያመልጥሽ ከሆነ ዝላይ ያለበትን ክላስ አቆዪው፣ ሐኪም አማክሪ።

መብራት ሲጠፋ ትሬድሚል ይቆማል፤ ክላስና ዱምቤል ግን ይቀጥላሉ። ረመዳን ሲገባ የማታው ክላስ ወደ ስንት ሰዓት እንደሚዛወር ቀድመሽ ጠይቂ፤ ከኢፍጣርና ከተራዊሕ ጋር ከተጋጨ የወሩ ክፍያ ባከነ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ለምትሠራ ሴትም ቋሚ ሰዓት ያለው ክላስ አይመችም፤ ክፍት ጂም ይሻላታል። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታ ደሴ የምትሠራ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ስለምትጨምር መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ቢያጥራት አትደንግጥ፤ ፍጥነቷን ትቀንስ።

ሁለቱንም የምትወጂ ከሆነ 2 ቀን ክላስ፣ 2 ቀን ክብደት አድርጊው፤ ከባድ ስኳት በሠራሽ ማግስት ግን ስቴፕ አትግቢ። ዋጋ ስታወዳድሪ ወርሃዊውን ክፍያ በተፈቀደልሽ ቀን ሳይሆን በእርግጥ በምትሄጂበት ቀን አካፍዪው፣ የታክሲውንም ደምሪ። የሦስት ወር ቅናሽ ቢያቀርቡልሽም የመጀመሪያውን የአንድ ወር ብቻ ክፈዪ።