የእናቴን ሳሎን መብራት ላስተካከለልን ልጅ

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ያላችሁ ስለ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይህን ጥቆማ አንብቡልኝ። ትንሽ ይረዝማል፤ መጀመሪያ የራሴን ጥፋት መናዘዝ ስላለብኝ ነው።

ከፋሲካ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ሄጄ ለእናቴ ሳሎን መብራት ገዛሁ። ወርቅማ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ ስድስት ክንድ ያለው፣ የሚንጠለጠል። የዓባይን በረሃ እቅፌ ላይ አድርጌ ነው ያሻገርኩት። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አለች። ሥዕል አላት፤ ከሥሩ የተሰባበረ እንግሊዝኛ። ለአንድ አምፖል ደግሞ ምን ሠሪ ያስጠራል ብዬ ወረቀቷን እያየሁ ራሴ ገጠምኩት። በራ። እናቴም መረቀችኝ።

ግን ማታ ማታ ማጥፊያው ጠፍቶም አምፖሎቹ ድብዝዝ ብለው ይታያሉ። እናቴ "ይህ መብራትህ አይተኛም እንዴ?" አለችኝ። ኤልኢዲ እንዲህ ነው አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

የሆሳዕና ማግስት ቤት ስታጸዳ ማጥፊያውን አጠፋች፣ በርጩማ ላይ ወጣች፣ በእርጥብ ጨርቅ ክንዶቹን ልትወለውል ጀመረች። ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ክንዷን ይዛለች። "ነዘረኝ" አለች። በርጩማው የእንጨት ባይሆን ምን እንደሚፈጠር ማሰብ አልፈልግም። ከድንጋጤ በቀር ደኅና ነች፣ ፈጣሪ ይመስገን። "አጥፍቼዋለሁ እኮ!" ትላለች ደጋግማ። እውነቷን ነው። አጥፍታዋለች።

ይህን ልጅ የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳዎቹን ይዟል፤ የብቃት ማረጋገጫ ካርድም አለው። ስሜን እንዳትጽፍ ብሎ ለምኖኛል፣ ስለዚህ አልጽፍም።

እንደገባ ካቻቢቴ አላወጣም። "ወረቀቱ አለ?" አለኝ። ሰጠሁት። ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀኝና ሦስት መስመር ሰረዘ።

የመጀመሪያው "ማብሪያ ማጥፊያውን ያጥፉ" የሚለው ነው። አጠፋውና መሰላል ላይ ወጥቶ ቴስተሩን፣ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየውን መሣሪያ፣ የመብራቱ ብረት ላይ አሳረፈ። የቴስተሩ ውስጥ ቀይ ሆነ። "ጋሸ፣ ያያሉ? ጠፍቷል ያሉት ይህን ነው።" የእናቴ ቤት አሮጌ ነው። ማን እንደዘረጋው ባይታወቅም፣ ማጥፊያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ ነው። ፌዙ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ፣ ቀኑን ሙሉ ኮርኒሱ ላይ ቁጭ ብሏል። ማታ ድብዝዝ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ እየሾለከ ኤልኢዲውን ያሞቀዋል። ወረቀቷን የጻፈው ሰው ግን የሰው ቤት ማጥፊያ ሁሉ በፌዙ ላይ ያለ መስሎታል።

ልጁ ያወረደው ኤሌክትሪኩን ከመነሻው የሚያቋርጠውን ብሬከር ነው። ከዚያም አላመነም። ቴስተሩን በሌላ ብሬከር ላይ ያለ ሶኬት ውስጥ ሞከረ፣ ቀጥሎ የኮርኒሱን ሽቦዎች ነካ፣ እንደገና ወደ ሶኬቱ ተመለሰ። ምነው አልኩት። "ቴስተርም ይሞታል" አለኝ። ብሬከሩ ላይ ደግሞ "ሰው ላይ አለ፣ አትንኩ" ብሎ ለጠፈ። እዚህ ላይ፣ እኔ መብራቱን የገጠምኩት መብራት በጠፋበት ሰዓት መሆኑን ነገርኩት፤ ብልጠት መስሎኝ። ዝም ብሎ አየኝና "ከመጣስ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሁለተኛው የሰረዘው "ጥቁር ከጥቁር፣ ነጭ ከነጭ ያገናኙ" የሚለውን ነው። ይህ የአሜሪካን ቤት የሚመለከት ነው። እዚያ ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል ነው፤ ኤሌክትሪኩም 120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው። የእናቴ ቤት ሽቦ ደግሞ ቀይና ጥቁር ነው፤ ቀዩ ፌዝ፣ ጥቁሩ ኒውትራል። በአዲሱ አሠራር ፌዙ ቡናማ፣ ኒውትራሉ ሰማያዊ ነው። እኔ ወረቀቷን አምኜ ጥቁሩን ከጥቁር ሳስር ነጩ ለቀዩ ተረፈ። ተገለበጠ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን አምፖሉ የሚጠመዘዝበት ቀለበት ፌዝ ይሆናል፤ አምፖል ስትቀይሩ ጣታችሁ የሚጠጋው ደግሞ እሱ ነው። "ቀለም ለጥልፍ ነው፣ ጋሸ" አለኝና ሁለቱንም በቴስተር ለይቶ አሰራቸው።

ሦስተኛውን ሲያነብ ፈገግታውም ጠፋ። "ቤትዎ የመሬት ሽቦ ከሌለው አረንጓዴውን ቆርጠው ያስወግዱት።" አረንጓዴው ከብረቱ የሾለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚሄድበት ሽቦ ነው። እኔም ቆርጬዋለሁ። ቁራጩ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አምጥቼ አሳየሁት።

መብራቱን አውርዶ ኮርኒሱ ላይ የሚገጠመውን ክዳን ገለበጠልኝ። ነጩ ሽቦ ክዳኑ ሥር ተቆንጥጦ ፕላስቲኩ ተልጧል። የጥፍር ጫፍ የምታክል ቦታ ላይ መዳቡ ያበራል። ያች ነጥብ ብረቱን ነክታለች፣ ብረቱ በሙሉ ፌዝ ሆኗል። መሄጃ መሬት ስላልነበረው ብሬከሩ ምንም አላወቀም። ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። የነካችው እናቴ ሆነች። በነገራችን ላይ ካሬ ውስጥ ሌላ ካሬ የተሣለበት ዕቃ ካያችሁ፣ እሱ በድርብ ሽፋን የተሠራ ስለሆነ የመሬት ሽቦ አይፈልግም። የእኔው ላይ ያ ምልክት የለም። ብረት ነው፤ አረንጓዴ ሽቦም አብሮት መጥቷል። አምራቹ ራሱ አስገብቶ ራሱ ቁረጡት ይላል!

ከጣሪያው ጠብታ የሚወርድበት፣ አፈሩ እርጥብ የሆነ ቦታ መርጦ የመሬት ዘንግ ቀበረ። ከዚያ አረንጓዴውን ሽቦ እስከ መብራቱ ዘረጋ። አለቀ ስል "ዘንግ ብቻውን አይበቃም" አለኝ። አፈሩ በደንብ ካላስተላለፈ ተራው ብሬከር ላይወርድ ይችላል። ስለዚህ ሰው ሲነዘር የሚያቋርጠውን ዓይነት ብሬከር አስገዛኝ። ይህኛው በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ያመዛዝናል። 30 ሚሊ አምፔር ያህል በሌላ መንገድ ከሾለከ ወዲያው ይወርዳል። መሞከሪያ ቁልፍ አለው። እናቴን ጠርቶ "እማማ፣ ይችን አልፎ አልፎ ይጫኗት፤ ካልወረደ ይደውሉልኝ" አላት። ተጫነችው። ቀጭ አለ። ቤቱ ሲጨልም እንደ ልጅ ሳቀች።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። ማጥፊያውን ወደ ፌዙ አዛወረው። ወረቀቷ በሁለት ቡሎንና በፊሸር ስቀሉት የምትለውን መብራት፣ ኮርኒሳችን ቺፑድ ስለሆነ፣ ከወራጅ ወደ ወራጅ አግዳሚ እንጨት አስሮ እሱ ላይ ሰቀለው። ወረቀቷ እስከ 60 ዋት ትላለች፣ አምፖል መግጠሚያው ላይ የተለጠፈው ደግሞ 40። ትንሹን ይዘን 9 ዋት ኤልኢዲ አስገባን፣ ሳሎኑ ቀን መስሏል።

ዋጋውን ቀድሞ ነገረኝ፣ ሲጨርስም አልጨመረም። ሽቦና ብሬከር ራሴ እንድገዛ የናሙና ቁራጭ ይዞ ላከኝ። ሰሙነ ሕማማት ስለነበር ውኃ እንኳ አልቀመሰልንም። እናቴ የፋሲካ ዳቦ ድርሻውን አስቀምጣ ቤቱ ድረስ ላከችለት። አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ አምስት ሰዓት ነው የመጣው። ይህን ነግሬዋለሁ፤ ስለዚህ ሐሜት አይደለም።

መብራቱን የሸጠልኝ ሰው ጋም ደውዬ ነበር። "ወንድሜ፣ እኔ መብራት እንጂ ወረቀት አልሸጥኩልህም" አለኝ። የተሰረዘችዋን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። አይቶታል፣ አልመለሰም።

ለልጁ ግን እግዜር ይስጥልኝ። እናቴን አተረፈልኝ። እሱን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሰጣለሁ። ስትደውሉለት ግን ከሰዓት በኋላ ይሁን። ጠዋት ኮርኒስ ላይ ነው፣ አያነሳም።