ግሬኑ ያለው ወይስ የጸዳው?

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ጓደኛዬ ቤት። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ ቡና። የ1987ቱን «ፕሬዳተር» የተባለ ፊልም በ2008 እና በ2010 በወጡ ሁለት የብሉሬይ (ጥራቱ ከፍ ያለ የፊልም ዲስክ) ቅጂዎች እያፈራረቅን አየነው።

የ2008ቱ ላይ ትናንሽ ነጠብጣቦች ይርመሰመሳሉ። ጓደኛዬ «ዲስኩ ተበላሽቶ ነው እንዴ?» አለ። አይደለም። ግሬን ነው። ካሜራ ውስጥ በሚገባው የፊልም ጥቅል ላይ ብርሃን የሚይዙት የብር ውህድ ቅንጣቶች አሻራ። ምስሉ ራሱ የተሠራው ከእነሱ ስለሆነ፣ ግሬኑን ስታጠፉት ዝርዝሩንም ይዞ ይሄዳል።

የ2010ሩ ግሬኑ በኮምፒውተር የጸዳ ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ያምራል። ጠጋ ስትሉ ግን የዋናው ተዋናይ የሽዋርዘኔገር ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል። በዚያ ሁሉ ጫካ ውስጥ ላቡ የት ገባ? ሁለቱም 1920 በ1080 ፒክስል ናቸው። ቁጥሩ እኩል፣ ዝርዝሩ ግን ለየቅል።

ለጸዳው አንድ ነገር ልመስክርለት። ግሬን በየፍሬሙ (ቪዲዮው በተሠራበት በእያንዳንዱ ምስል) ስለሚለዋወጥ ለመጭመቅ ያስቸግራል፤ ፋይሉን ያሳብጠዋል። በሞባይል ዳታ ለሚያይ ሰው የጸዳው ይቀላል።

ዲስክ ከሆነ ግን እኔ ከግሬኑ ጋር ነኝ። ጓደኛዬ አሁንም የ2010ሩ ይሻላል ባይ ነው። ቲቪው ላይ ያለውን «ኖይዝ ሪዳክሽን» (ነጠብጣብ የሚያጸዳውን ማስተካከያ) እንኳ አጥፋው ብለው እምቢ አለኝ።