አምስት ኮከብ ለመቄዶንያ፣ አንድ ኮከብ ለሚዛኔ

ስለ መቄዶንያ መርጃ ከማውራቴ በፊት ወጪዬን ልናገር። ባለፈው ዓመት ለጂም፣ ለማቅጠኛ ሻይና ወገብ ለሚያስር ቀበቶ ያወጣሁት ብር ቢደመር ደህና ሶፋ ይገዛል። ሻዩ ያተረፈልኝ ሽንት ቤት መመላለስ ነው። ጂሙ፣ ስሙ ይቅርና፣ አራቱም ግድግዳው መስታወት ነው። አሰልጣኙ ገና በመጀመሪያው ቀን ሰው ፊት ሆዴን በጣቱ እያሳየ «ይሄን ነው የምናጠፋው» አለኝ። የሦስት ወር ከፍዬ አምስት ሳምንት ሄድኩ።

ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው። ለእህቴ ሰርግ ቀሚስ ስለካ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወገቤ ላይ አዙሮ ቁጥሩን ለረዳቱ ጮክ ብሎ ጠራ። ረዳቱ «ስንት?» አለ። ደገመለት። ያ ቁጥር እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ደግሞ የእኛን አገር ታውቁታላችሁ፣ ሰላምታው ራሱ ሚዛን ነው። «ውይ ወፍረሻል!» ይሉሻል፤ ተጨንቀሽ ትንሽ ስትከሺ ደግሞ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»። ብዙዎቹ በፍቅር ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። ማታ መስታወት ፊት የምቆመው ግን እኔ ነኝ።

መቄዶንያ የሄድኩት ደግ ስለሆንኩ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ልጆች «ቅዳሜ እንሂድ» ሲሉ መቅረት አሳፍሮኝ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ መቄዶንያ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ የጀመረው የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ነው፤ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይጦሩበታል። መፈክሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው»። ስንቴ ሰምቼው አልፌዋለሁ። የዚያን ቀን ግን «በቂ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ። በቂ ነሽ ያለኝ ሰው ከመጣ ቆይቶ ነበር።

ሥራው ቀላል ነው፣ ማለቴ ለማስረዳት ቀላል ነው። ልብስ ታጥባላችሁ፣ ጥፍር ትቆርጣላችሁ፣ ምግብ ታቀርባላችሁ፣ ወሬ ትሰማላችሁ። እኔ የደረሰኝ የአንዲት እማማን እግር ማጠብና ጥፍራቸውን መቁረጥ ነበር። የአረጋዊ ጥፍር ወፍራም ነው፣ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ካልራሰ መቁረጫው አይበግረውም። ጎንበስ ብዬ ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድ አውራ ጣት ላይ ታገልኩ። ቀና ስል ነው ትዝ ያለኝ፤ ሸሚዜ ወደላይ ተሰብስቦ ጎኔ ወጥቷል፣ ያው የምጠላው ጎኔ። ማንም አላየኝም። እኔም ሳልጎትተው ቆይቻለሁ።

ከዚያ እማማ ይነሱ ዘንድ ክንዴን ሰጠኋቸው። ይሄ ክንድ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሹራብ የሚለብስ ክንድ ነው፣ እጅጌ የሌለው ልብስ ከለበስኩ ዓመታት አልፈዋል። እሳቸው ግጥም አድርገው ያዙት። «ተባረኪ ልጄ፣ አንቺ ይሻለኛል፤ ቀጫጮቹ ሲደግፉኝ ይዤያቸው የምወድቅ ይመስለኛል» አሉ። ሳቅኩ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ እስከ አልጋቸው ድረስ በቀስታ ሄድን፣ ክንዴም ሥራውን ሠራ።

ዳነች እንዳትሉኝ። እሁድ ጠዋት መስታወቱ እዚያው ነበር። ግን ከአራት አምስት ቅዳሜ በኋላ አንዷ ዘመዴ «ወፍረሻል» ስትለኝ እንደ ድሮው ሦስት ቀን ሳላሰላስለው እራት ላይ ረሳሁት። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ያ ሐሳብ ሥራ ፈት ጭንቅላት ይወዳል፣ እኔ ደግሞ የሰው አውራ ጣት ይዤ ስለራሴ ሆድ ማሰብ አልቻልኩም።

ሰፈር ደግሞ ቡቺ አለ። በራችን ላይ የሚያድር ውሻ ነው፣ እከክ ግማሽ ፀጉሩን ጨርሶት ነበር። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል፣ ትልልቆቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። የእንስሳት ሐኪም አምጥቼ መርፌ አስወጋሁት፣ የእብድ ውሻ ክትባትም ተጨመረለት። ሐኪሙ እከኩ ሰውንም ሊያሳክክ ስለሚችል ጓንት አድርጊ አለኝ። ፀጉሩ እስኪመለስ ሳምንታት ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቡቺ መላጣ ሆዱን ለፀሐይ ገልብጦ፣ አራት እግሩን ዘርግቶ፣ መንገዱ መሃል ይተኛ ነበር። እኔ ሶደሬ ሄጄ ሳልዋኝ የተመለስኩት ሴትዮ፣ ቆሜ አየሁት። ቀናሁበት ብል ይቀላል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ እሱም በእኛ በጎብኚዎቹ ላይ ነው። እባካችሁ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። አረጋዊ እያጎረሱ ቲክቶክ መቅረጽ ያንኑ መስታወት ተሸክሞ መምጣት ነው። ሌላ ደግሞ፣ ምግብ የሚፈራ ወይም በልቶ ሆን ብሎ የሚያስመልስ ሰው ሐኪም ጋ ይሂድ፤ ቅዳሜ ጥፍር መቁረጥ ያንን አይተካም።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ባቡሩ አያት ድረስ ያደርሳችኋል፣ ከመገናኛም ታክሲ አለ። አሮጌ ልብስ ልበሱ፣ ሽቶ አታብዙ፣ የራሳችሁን ጥፍር አሳጥሩ። ጠንካራ የጥፍር መቁረጫ ይዛችሁ ሂዱ፤ የኔዋ በሁለተኛው ቅዳሜ ተሰበረች።