ኬፍ ኬሲ62 ሰብዉፈር በኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት

ሙዚቃ የምሰማባት ክፍል 3.6 በ3 ሜትር ናት። ግድግዳዋ ብሎኬት፣ ወለሏና ጣሪያዋ ኮንክሪት ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ቤዝ አያንስም፤ ችግሩ መውጫ አጥቶ መጠራቀሙ ነው። ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ተደበላልቀው አንድ ጉርምርምታ ይሆናሉ። ስለዚህ ሰብዉፈር (ዝቅተኛውን ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ስመርጥ መጀመሪያ ያየሁት ዋቱን አይደለም። ሳጥኑ ዝግ (የአየር መውጫ ቀዳዳ የሌለው)፣ መጠኑም የትም ላስቀምጠው የምችለው እንዲሆን ነው የፈለግሁት።

ኬፍ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሚሠራውን ኬሲ62ን ከለንደን ያመጣልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚመጣው በሰው ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ መግባቱ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ይሄኛው 14 ኪሎ ይመዝናል፤ በየጎኑ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዋጋው ግን ያማል። ሲወጣ 1,500 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዚያ ገንዘብ ባለ 12 ኢንቹን ሌላ ሰብዉፈር፣ ኤስቪኤስ ኤስቢ1000 ፕሮን፣ ሁለት መግዛት ይቻል ነበር። ከአሜሪካ የምታስመጡ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ሳታዩ እንዳትከፍሉ፤ የኛ 220 ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ለሚመጣው ኃይል ደግሞ ስታብላይዘር ግድ ነው።

ውስጡ ባለ 6.5 ኢንች ሁለት ድራይቨሮች (ድምፁን የሚገፉት ክብ ክፍሎች) ጀርባ ለጀርባ ሆነው አንድ ማግኔት ይጋራሉ። አንዱ ወደ ግራ ሲገፋ ሌላው ወደ ቀኝ ስለሚገፋ ግፊታቸው እርስ በርስ ይጠፋፋል፤ ሳጥኑ አይንቀጠቀጥም። ድምፁን ከፍ አድርጌ የአንድ ብር ሳንቲም በጠርዙ አቆምኩበት፤ አልወደቀም። ለጠረጴዛ ሥር የሚሆን ሰብዉፈር ማለት እንዲህ ያለው ነው።

አቀማመጡ ላይ ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ከገንዘቡም በላይ ውጤቱን የሚወስነው እሱ ነው። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ስለሆነ፣ 3.6 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 48 ኸርዝ (በሰከንድ 48 ንዝረት) አካባቢ ያለውን ድምፅ ለብቻው ያጎላዋል፤ የ3 ሜትሩ ወርድ ደግሞ 57ን። ቤዝ ጊታር ላይ የወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት 49 ኸርዝ ነው። ሰብዉፈሩ ማዕዘን ላይ ሲሆን ቤዚስቱ እዚያች ኖታ ላይ በደረሰ ቁጥር ክፍሉ ያጓራል፤ አጠገቧ ያሉት ኖታዎች ደግሞ በቅጡ አይሰሙም። ማዕዘን ብዙ ቤዝ ይሰጣል የሚባለው እውነት ነው፤ ችግሩ ሁሉንም እኩል አለማጉላቱ ነው።

አሁን ያለው ከፊት ለፊት ግድግዳ መሀል፣ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል፣ አምፕሊፋየሩ በተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥር ነው። የወርዱ መሀል ላይ ሲቀመጥ የ57ቱ ጉርምርምታ አይነሳም። ወንበሬን ከኋላ ግድግዳ 1.2 ሜትር ወደፊት አመጣሁት፤ የ48ቱ ጉልበት እዚያ ጋ በግማሽ ይቀንሳል። ወንበሩን ክፍሉ መሀል ማድረግ ግን አይሆንም፤ ያቺ ኖታ ጭራሽ ትጠፋለች። መለኪያ ማይክሮፎን የሌለው ሰው ሰብዉፈሩን የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አድርጎ፣ ቤዙ ጎልቶ የሚሄድ ሙዚቃ እየደጋገመ፣ በግድግዳው ዙሪያ ጎንበስ ብሎ ያዳምጥ። እያንዳንዱ ኖታ እኩል የሚሰማበት ቦታ ነው የሰብዉፈሩ ቦታ።

ክሮስኦቨሩን (ሰብዉፈሩ እስከ ስንት ኸርዝ ያለውን ድምፅ እንደሚይዝ የሚወስነውን መቆጣጠሪያ) 70 ኸርዝ አካባቢ አድርጌዋለሁ፤ ስፒከሮቼ ትንንሽ ናቸው። የፌዙን (የሰብዉፈሩን ንዝረት ከስፒከሮቹ ንዝረት ጋር የሚያገጣጥመውን) ማብሪያ ዜሮና 180 ላይ እያደረጋችሁ በዚያው ድግግሞሽ ላይ ድምፅ አጫውቱ፤ ጎልቶ የሚሰማው ላይ ተዉት። ለሰብዉፈር የተለየ መውጫ የሌለው አሮጌ አምፕሊፋየር ያላችሁም አትስጉ፤ ከስፒከር ገመዱ በቀጥታ ሲግናል የሚቀበልበት መግቢያ አለው።

ላይኛው ፎቅ ያሉት እማማ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ፣ «ልጄ፣ ዘፈኑስ ደስ ይላል፤ ያ ከሥር የሚገፋው ነገር ነው ያስቸገረኝ» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ዝቅተኛ ድምፅ ኮንክሪቱን አልፎ ይሄዳል። ጀርባው ላይ ካሉት አምስት የአቀማመጥ ምርጫዎች አንዱ ለአፓርታማ የተዘጋጀ ነው፤ የታችኛውን ቤዝ ይቀንሳል። ማታ ማታ እሱ ላይ አደርገዋለሁ፤ ሙዚቃው ላይ ብዙም የጎደለ ነገር የለም፣ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ቅሬታ አላሰሙም።

ለሰፊ ሳሎንና ለአክሽን ፊልም አልመክረውም። እስከ 11 ኸርዝ ይወርዳል መባሉ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ስትሰሙ ነው፤ በጣም ሲጮህ ትንሿ ሳጥን ራሷን ለመጠበቅ ቤዙን ትቆጥባለች። ሳሎን ያለው ሰው ኤስቪኤሱን ይግዛ፤ ባለ 34 ሴንቲ ሜትር ሳጥን ማስቀመጫ ካለው ብቻ። እንደኔ አልጋና ቁም ሳጥን ካለበት ክፍል ጋር ለሚታገል ግን ኬሲ62 ዋጋውን ያወጣል፤ ድጋሚ ብገዛም እሱኑ ነው።