አዲሱ የኢንሱሊን ባርኮድ ስካነር እንዴት ነው?
ነርስ ሆኜ የምሰራበት ሜሪላንድ ያለ ሆስፒታል የኢንሱሊን ባርኮድ ሲስተሙን አሻሽሎት ስለነበር በሙያው ላላችሁ ሀበሾች ያየሁትን ልንገራችሁ። ስካነሩ አሁን ገመድ አልባ ነው፣ ድሮ ኮምፒውተሩን ከነጋሪው አልጋው ድረስ መግፋት ነበረብን ክፍሉ ከጠበበ ደግሞ አይገባም፣ አሁን ግን ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ የበሽተኛውን የእጅ አምባር ማንበብ ብቻ ነው፣ በጣም ተገላግለናል።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን ፋርማሲው ፔኑ (ኢንሱሊን የሚወጋበት እስክሪብቶ መሳይ መሳሪያ) ላይ የሚለጥፈውን ሌብል ነው። በፊት የምናነበው የፋብሪካውን ባርኮድ ነበር፣ እሱ ደግሞ ኢንሱሊኑ ምን አይነት እንደሆነ እንጂ ፔኑ የማን እንደሆነ አይናገርም፣ ስለዚህ ሁለት ሰው አንድ አይነት ኢንሱሊን ታዞላቸው ፔናቸው ቢቀያየር ሲስተሙ ዝም ብሎ ያሳልፋል! መርፌው ቢቀየር እንኳን ደም ወደ ፔኑ ሊመለስ ስለሚችል ሄፓታይተስም ኤችአይቪም ሊያስተላልፍ ይችላል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ፔኖች ላይ ለአንድ ታካሚ ብቻ የሚል እንዲጻፍ ያዘዘው ለዚህ ነው። አሁን ባርኮዱ የበሽተኛው የራሱ ነው፣ የሌላ ሰው ፔን ከሆነ እዛው ያስቆማችኋል። ደግሞ የሚለጠፈው ክዳኑ ላይ አይደለም፣ ክዳን እኮ በቀላሉ ይቀያየራል።

ቅር ያለኝ ነገር ሌብሉ አንዳንዴ ፔኑን ዙሪያውን ተጠምጥሞ ይመጣና ስካነሩ እምቢ ይላል፣ በቁመቱ ቢለጠፍ ወዲያው ያነባል፣ ለፋርማሲ ነግረናል። ሌላው ደግሞ ስካነሩ ፔኑ ላይ ያዞራችሁትን ዩኒት (የኢንሱሊኑን መጠን) አያይም፣ 6 ይሁን 16 አያውቅም፣ እሱን በአይናችሁ ማረጋገጥ የግድ ነው። በተረፈ ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፣ እናንተም ጋ ይሄ ሌብል ከሌለ ማናጀራችሁን ጠይቁ።