የተንጋደደ የመኪና መሪ፦ ነቅሎ ማቅናት ወይስ ከታች ማስተካከል?

መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ግን ወደ አንድ ወገን ካዘመመ፣ መንገዱ ሁለት ነው፦ መሪውን ነቅሎ አቅንቶ መመለስ፣ ወይም ከታች የፊት ጎማዎችን የሚገፉትንና የሚስቡትን ታይሮድ የሚባሉ ዘንጎች ማስተካከል።

የመጀመሪያው አጓጊ ነው፤ አንድ ዳዶ ተፈትቶ የሚያበቃ ይመስላል። ነገር ግን መሪው የሚቀመጠው በራሱ ዘንግ ጫፍ ዙሪያ ባሉ ጥርሶች ላይ ነው። 36 ጥርስ ባለው የመሪ ዘንግ ላይ አንድ ጥርስ መዝለል 10 ዲግሪ ማዞር ነውና፣ 4 ዲግሪ ብቻ ያዘመመን መሪ እንዲህ ለማቅናት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። በአንዳንድ መኪናዎች ደግሞ መሪው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንጂ አይገባም። ኤርባግ ካለ ባትሪውን ፈትቶ አምራቹ ያዘዘውን ጊዜ መጠበቅ ግድ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም። ጥፋቱ ከታች ከሆነም ተሸፈነ እንጂ አልተነካም፦ መሪው ወደ አንድ ጎን አብልጦ ይዞራል፣ ፍሬቻውም በወጉ ላይመለስ ይችላል።

ሁለተኛው እጅ ያቆሽሻል። የሁለቱን ታይሮዶች ማጥበቂያ ዳዶ አላልቶ፣ አንዱን ባስረዘሙት ልክ ሌላውን ማሳጠር ነው። ሩብ ዙር እዚህ፣ ሩብ ዙር እዚያ፤ ከዚያ አጥብቆ ነድቶ ማየት። አንዱን ብቻ ያዞረ ሰው የጎማዎቹን አቀማመጥ ያዛባል፤ ጎማውም ጠርዙ ይበላል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መሪው ከዚህ በፊት ተነቅሎ ያለ ቦታው የተመለሰ ከሆነ ብቻ የመጀመሪያው ትክክል ነው። መሪው የተንጋደደው መኪናው ጉድጓድ ከመታ በኋላ ከሆነ ግን፣ ከሁለቱም በፊት የተጣመመ ዘንግ መኖሩን ይፈትሹ።